የሜትሩ ሁለት ጫፍ

ሽንኩርቱ ባይንከባለል ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፈውም ነበር።

እነዚያን የበሽታ ወራት አሁን ሳስባቸው ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ፍርሃቱ አይደለም፤ የሕንጻችን ደረጃ ጭርታ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ እኔም የጂኦግራፊ መምህሩ ከጠመኔና ከሰሌዳ ተለይቼ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ቤቴ ተከትቻለሁ። ድሮ ልጆች ሲሯሯጡበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ቆሞ ሲያወጋበት የምነጫነጭበት ደረጃ የገዛ ኮቴዬ እስኪያስደነግጠኝ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። ያን ጫጫታ አንድ ቀን እናፍቀዋለሁ ብሎ የነገረኝ ቢኖር እስቅበት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጣሪያው ላይ ያሰጣሁትን ልብስ ላወርድ በሬን ስከፍት አንድ ቀይ ሽንኩርት ከላይ ዱብ ዱብ እያለ ወርዶ እግሬ ሥር ቆመ። ሌላም ተከተለው። ቀና ብዬ ሳይ ከእኔ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ሊደረስ ጥቂት ደረጃዎች ሲቀሩ፣ ጋሽ ሜትር ተቀምጠዋል። አፍና አፍንጫቸውን በሻርፕ ጠምጥመው ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመዋል።

ደህና መሆናቸውን ጠይቄ ሁለት ደረጃ ወጣ እንዳልኩ ከዘራውን ወደ ደረቴ አነጣጠሩት።

«ባሉበት ይቁሙ መምህር። ምንም አልሆንኩም፤ እያረፍኩ ነው።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የእህታቸው ልጅ በየሳምንቱ አስቤዛ ገዝታ በራቸው ላይ አስቀምጣላቸው ትሄዳለች። የዛሬው ፌስታል ተቀዶ ሽንኩርቱ በደረጃው ወርዷል። እሳቸውም ሊለቅሙት ስድስት ደረጃ ወርደዋል። ስድስት ብቻ። መውጣቱ ነው ያቃታቸው።

እንዳልደግፋቸው ከለከሉኝ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ጥፋት እንደሠራ ተማሪ፣ ሲወጡ ከሥር ቆሜ ተመለከትኩ። ግድግዳውን በአንድ እጃቸው ከዘራውን በሌላው ይዘው፣ «አንድ» ብለው አረፉ፤ «ሁለት» ብለው አረፉ። ሦስተኛው ላይ ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ብዙ ቆዩ። ስድስቱን ደረጃ ሲጨርሱ ሩብ ሰዓት አልፎ ነበር። በራቸውን ከመዝጋታቸው በፊት ዞር አሉና ይህን ለማንም እንዳልናገር ለመኑኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለት ቃል መስጠት አይደለም።

እኚህ ሰው እንዲህ አልነበሩም። ጋሽ ሜትር የሚባሉት ለሠላሳ አንድ ዓመት የመንገድ ቀያሽ ስለነበሩ ነው፤ በአገር ምድሩ ሜትር ዘርግተው ያልለኩት ጎዳና የለም። የልኬቱን መነሻ፣ ቁጥሩ የሚጀምርበትን ጫፍ ይዘው ከፊት የሚሄዱት ደግሞ የሥራ ባልደረባቸው ነበሩ። ከእኛ ሕንጻ ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ ይኖራሉ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ለእኚህ ሰው «ዜሮ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ሰፈሩ «ጋሽ» ጨመረበት፤ እሳቸውም ያለ እኔ ልኬት አይጀመርም እያሉ ሲኮሩበት ኖሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሁለቱ ሽማግሎች ሁልጊዜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በራችን ተገናኝተው፣ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው፣ ጉብታው ላይ እስካለው የውሃ ታንከር ድረስ ሄደው ይመለሱ ነበር። እኔ ሻይ የምጥደው ሲመለሱ ሳቃቸውን ሰምቼ ነበር። ምን እንደሚያስቃቸው ግን አንድም ቀን ወርጄ አልጠየቅኩም፤ ያ ዛሬም ይቆጨኛል።

በሽታው ከመጣ ወዲህ ጋሽ ሜትር ደጅ ከወጡ ሦስት ወር አልፏቸዋል። መስኮቶቻቸውን ዘግተው፣ በየስንጥቁ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ለጥፈውበት፣ መስታወቱንም ጭምር ሸፍነውት ነበር። ጋሽ ዜሮ ግን ሰዓታቸውን አልሳቱም። አሥር ሰዓት ሲሆን ማስካቸውን አድርገው መንገዱን ተሻግረው ይመጡና ከሕንጻው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ወደዚያ በጋዜጣ ወደተደፈነ መስኮት አንጋጠው ይቆዩና ተነሥተው ይሄዳሉ። ይህን በየቀኑ ከመስኮቴ ሳይ አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ማየት እንጂ ሌላ ምንም አላደረግኩም።

ያን ቀን ግን ስልክ አነሣሁና ለእህታቸው ልጅ ደወልኩ። እናቷ በልጅነቷ ሞታባት እሳቸው ናቸው ያሳደጓት። ተምራ በሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስት ሆናለች፤ አልጋ ላይ የከረመን ሰው እንደገና በእግሩ ማቆም ነው ሥራዋ። ስለ ሽንኩርቱ ስነግራት ልትስቅ ጀመረችና ስለ ሩብ ሰዓቱ ስነግራት ሳቋን አቋረጠች።

«መምህር» አለችኝ፣ «ሌላ አንድ ወር እንዲህ ከተቀመጡ ያንን ደረጃ ወርደው መውጣት አይችሉም። ከዚያ ወዲያ በሽታው ቢጠፋ፣ በሩ ቢከፈት፣ ለእሳቸው ምን ይጠቅማቸዋል? እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚቀሩት።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣች። ከሆስፒታል ስለምትመጣ ወደ ቤት አልገባችም፤ ማስኳን እንዳደረገች ከበራቸው ዝቅ ብላ ደረጃው ላይ ቆመች። እኔ ከእሷ በታች መታጠፊያው ላይ ነበርኩ። የደረጃውን መስኮት ወለል አድርጋ ስትከፍት ከላይ ያለው በር ገርበብ ብሎ ተከፈተ፤ የበሩ ሰንሰለት ግን አልወለቀም። በክፍተቱ ግማሽ ፊትና የወንበር መደገፊያ ይታያል።

የቤተ ሰቡን ደህንነት ተጠያየቁ። ስለ ሽንኩርቱ አመሰገኗት። በሳምንቱ የሆነውን ሁሉ በትሕትና አወሩ፤ የምንፈልገውን ወሬ ግን ማንም አልነካውም። በመጨረሻ እሷ ጀመረች።

«ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ከዚያ ወንበር በእጅዎ ሳይደገፉ ይነሡልኝ።»

«ምን ልሆን እነሣለሁ ልጄ? ገና አሁን መቀመጤ ነው።»

«በየቀኑ ትንሽ ደጅ ወጥተው በእግርዎ መሄድ አለብዎት።»

«ደጅ? ሬዲዮ እሰማለሁ እኮ እኔም። ይህ በሽታ በአየር ይተላለፋል ተብሏል። አየር የት ነው ያለው? ደጅ። እኔ ደግሞ አየሩን በጋዜጣ ለጥፌ አስቀርቼዋለሁ። ከዚህ ውስጥ ስሕተቱ የቱ ጋ እንደሆነ አሳዪኝ።»

በማስተማር ዘመኔ ብዙ የተሳሳተ መልስ አርሜአለሁ፤ እንዲህ መልክ መልኩን ይዞ የተሳሳተ ግን አልገጠመኝም። ልጅቷ አልሳቀችባቸውም።

«ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ያስቡ» አለች። «በተዘጋ ክፍል አንድ ሰው ቢያጨስ ጭሱ እዚያው ታፍኖ ይውላል፤ የገባ ሁሉ ይስበዋል። ሜዳ ላይ ቢያጨስ ግን ነፋሱ ይበትነዋል፤ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው እምብዛም አይደርሰውም። የታማሚም ትንፋሽ እንደዚያው ነው። የሚያሰጋው የታፈነ ቤትና የተጠጋጋ ሰው ነው እንጂ ሜዳና ሰማይ አይደለም። እርስዎ በጋዜጣ የከለከሉት ንጹሑን አየር ነው፣ ጋሼ።»

«ብርዱስ? በዚህ ዕድሜዬ ነፋስ ቢመታኝ?»

«ካፖርትዎን ይለብሳሉ። ሠላሳ ዓመት ሜዳ ላይ ሲውሉ ማን ነበር የሚሸፍንዎት?»

«እሱን ተይው። ያን ጊዜ የሄድኩት ይበቃኛል። እኔ ጡረታ የወጣሁት ከመሥሪያ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ከእግሬም ጭምር ነው።»

«እግር ጡረታ የለውም። ጡንቻ ሥራ ሲያጣ በየቀኑ ይመነምናል፤ ጉልበት ይተሳሰራል፤ እንቅልፍ ይሸሻል፤ ምግብ አልበላ ይላል። እስቲ ይንገሩኝ፣ ሌሊቱን ይተኛሉ?»

በክፍተቱ የሚታየው ግማሽ ፊት ወደ ጎን ዞረ።

«እህልስ?»

«ይቀመሳል» አሉ ጋሽ ሜትር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እዚህ ላይ እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። የለመደ አፍ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ ነፋስ አነሣስ፣ ከፍተኛ ግፊት ካለበት ወደ ዝቅተኛ ግፊት ስለሚነፍስበት ምክንያት፣ የፀሐይ ብርሃን ለአጥንት ስለሚሰጠው ጥቅም ማስረዳት ጀመርኩ። የዘጠነኛ ክፍልን ትምህርት ከነንዑስ ርእሱ ነው የወረድኩት። ጋሽ ሜትር እስክጨርስ በጨዋ ደንብ አዳመጡኝና፣

«ለመሆኑ መምህር፣ እርስዎ ደጅ ከወጡ ስንት ጊዜዎ ነው?» አሉኝ።

ልብስ ለማስጣት ጣሪያ ከመውጣት በቀር ሁለት ወር አልፎኝ ነበር።

ልጅቷ እንዳላየች አለፈችኝና የመጨረሻ ያለችውን አቀረበች። ብቻቸውን እንዲሄዱ አትፈልግም፤ ቢወድቁ የሚያይ ሰው ያስፈልጋቸዋል። እንደ ድሮው ከጋሽ ዜሮ ጋር ይሂዱ፤ ማስክ አድርገው፣ እጅ ለእጅ ሳይነካኩ፣ ሁለት ሜትር ተራርቀው። ይህን ስትል በሩ ወደፊት ገፋ ብሎ ሰንሰለቱ ተወጠረ።

«በእሱ አትምጪብኝ» አሉ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። «ከእሱ ጋር የምሄደው ክንድ ለክንድ ነው። ሁለት ሜትር ርቄው ስሄድ ያየ ሰው ምን ይላል? ተኳረፉ ይላል። በስተርጅና ተጣሉ ይላል። እሱስ ራሱ ምን ይለኛል? ፈራኝ፣ ተጸየፈኝ ይላል። ወዳጄን እንደ ባዳ ከሩቅ እያየሁ ከምሄድ፣ እዚህ ወንበሬ ላይ ብቀር እመርጣለሁ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ አየሩን ብቻ ለመከልከል አልነበረም፤ ከታች ያለውን አግዳሚ ወንበር ላለማየትም ነበር። ሰውዬው ከበሽታው ይልቅ የፈሩት ወዳጃቸውን ማስቀየም ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሲያስቀይሟቸው መክረማቸውንም አላወቁትም። አዘንኩላቸው፤ እንዲያውም ተናደድኩባቸው።

የልጅቷ ዓይን በበሩ ክፍተት አልፎ ግድግዳው ላይ አርፎ ነበር። እኔም አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁ፤ ከወንበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ አንድ ክብ የቆዳ ማህደር ተሰቅሏል። የናስ እጀታው ታጥፎ፣ ከአፉ ላይ ትንሽ የናስ ቀለበት ወጣ ብላ ትታያለች።

«ጋሼ» አለች፣ «ያ ሜትር ርዝመቱ ስንት ነው?»

«የቱ? ይሄ? ሠላሳ ነው። የሸራ ነው፤ ጡረታ ስወጣ ሰጡኝ።»

«ዜሮውን የሚይዘው ማን ነበር?»

«ማን ይይዘዋል? እሱ ነዋ።»

«ሠላሳ ሜትር ርቆ?»

«ሠላሳ ሜትር ርቆ።»

«ስንት ዓመት?»

«ሠላሳ አንድ። ታውቂው የለ እንዴ።»

«እና ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተኳርፋችሁ ነበር?»

ከበሩ ወዲያ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማን፤ በግማሽ የሚታየው ፊት ጠፋ። ተቀየሙ ብዬ ልጅቷን በዓይኔ ልወቅሳት ስል ተመለሱ። ማህደሩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው የናሷን ቀለበት በአውራ ጣታቸው እያሻሹ መናገር ጀመሩ። ለእኛ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም።

ሜዳ ላይ መጮኽ አይረባም አሉ፤ ቃሉን ነፋስ ይወስደዋል። ስለዚህ የሚነጋገሩት በሜትሩ ነበር። ዜሮ አንድ ጊዜ ሳብ ካደረገ፣ ቆይ፣ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ከሳበ፣ ራበኝ፣ ምሳ እንብላ፣ ማለት ነው፤ እሱን ከቀኑ አምስት ሰዓት ጀምሮ ነበር የሚስበው። ይህን ሲሉ የሳቃቸው ድምፅ መጣ፤ ያ ሻይ የምጥድበት ሳቅ። ሁለት ጊዜ ሳብ ካደረገ ደግሞ፣ ተስተካክያለሁ፣ አለሁ፣ ማለት ነው።

«የዜሮ ልጅ በጠና የታመመበት ጊዜ ሜትሩ ሲንቀጠቀጥ ከሠላሳ ሜትር ላይ አወቅኩበት። ሥራውን አቁሜ ወደ ቤቱ ሰደድኩት» አሉ። ትንሽ ቆይተውም፣ «እናትሽ ያረፈች ሳምንት ሥራ ገብቼ ነበር። ለማንም ምንም አልተናገርኩም። ቁጥሩን ላነብ ጎንበስ ብዬ እዚያው ቀረሁ፤ ዓይኔ አላይልህ አለኝ። እሱ ከወዲያ ማዶ ሆኖ ሁለት ጊዜ ሳብ አደረገ። መልስ ሲያጣ እንደገና ሁለት ጊዜ። አጠገቤ ቆመው ካጽናኑኝ ሰዎች ሁሉ የማስታውሰው ያንን ነው» አሉ።

ልጅቷ ማስኳን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ደግነቱ ከሥር ነኝና ማንም አላየኝም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ሜትር እንደደከማቸው ተናግረው፣ ስለመጣን አመስግነው፣ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። እሷም እቤት የሚሠሩትን እንቅስቃሴ በትልልቅ ፊደል የጻፈችበትን ወረቀት በበሩ ሥር አስገባችላቸው። ስትወርድ አሸነፉኝ መሰለኝ አለችኝ። እኔም አልተቃወምኳትም።

በማግስቱ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ከበላዬ ካለው ቤት ወረቀት ሲቀደድ ሰማሁ። በረጅሙ፣ ደጋግሞ። ቀጥሎ ሳይከፈት የከረመ መስኮት እያንቋረረ ተከፈተ። ጥቂት ቆይቶም አንዲት የናስ ቀለበት፣ ሸራ ሜትር ተከትሏት፣ እየተወዛወዘች በመስኮቴ ፊት ለፊት ወደ ታች አለፈች።

ብድግ ብዬ ተመለከትኩ። አሥር ሰዓት ነው። ጋሽ ዜሮ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ አንጋጠዋል። ቀለበቷ ወርዳ ከመሬት ክንድ ያህል ሲቀራት ተነሡ። እንደ ድሮ ሥራቸው ጎንበስ ብለው ያዟትና ጫፏን መሬት ላይ አስነኩ። ከዚያም ሁለት ጊዜ ሳብ አደረጉ።

ሜትሩ በመስኮቴ ፊት ተወጥሮ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እንደገና ከታች ሁለት ጊዜ ተሳበ። አሁን ከላይም ሁለት ጊዜ መለሰ።

«ዘጠኝ ሜትር ከሃያ» አለ ከበላዬ የሻከረ ድምፅ።

«ዘጠኝ ከሃያ» ብለው ደገሙት ጋሽ ዜሮ፣ እንደ ሥራቸው ደንብ።

«ይህን ሁሉ መውረድ አለብኝ። ጊዜ ስጠኝ።»

«መቼ አስቸኮልኩህ» አሉ ጋሽ ዜሮ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው በቁም ነገር ተሠራ። ከወንበር ሳይደገፉ መነሣት፣ መጀመሪያ ሦስት ጊዜ፣ ኋላ አሥር። ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝን ማንሣት። መስኮት ከፍቶ ጠዋትና ማታ ረጅም ትንፋሽ መሳብ። ከዚያ ደረጃው። በመጀመሪያው ሳምንት እስከ እኔ በር ድረስ ወርደው በከዘራቸው ጫፍ ያንኳኩና ራቅ ብለው ቆመው፣ «ዛሬስ ወጡ መምህር?» ይሉኛል። አልወጣሁም ስላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ይመለሳሉ። መምህር ሆኜ የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ሆንኩ። በሁለተኛው ሳምንት እስከ አንደኛ ፎቅ ደረሱ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ማስካቸውን አድርገው፣ ማህደሩን በኪሳቸው ይዘው አርባ ስምንቱንም ደረጃ ወርደው ከበሩ ወጡ። የእህታቸው ልጅ ከመንገዱ ዳር ሆና ጠበቀቻቸው። እኔ ከመስኮት አየኋቸው፤ ፀሐዩ ዓይናቸውን ወጋቸውና ለረጅም ጊዜ ጨፍነው ቆሙ።

ሁለቱ ሰዎች አልተቃቀፉም። ጋሽ ሜትር ማህደሩን አውጥተው ሁለት ሜትር ሳቡላቸው፤ ጋሽ ዜሮ ቀለበቷን ያዙ። አንዱ በመንገዱ አንድ ጠርዝ፣ ሌላው ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ ሜትሩን በመካከላቸው ወጥረው ወደ ጉብታው አቀኑ። ቢቀራረቡ ሜትሩ ይረግባል፤ ቢራራቁ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ርቀታቸውን ማንም ሊያስታውሳቸው አላስፈለገም። የመጀመሪያው ቀን እስከ መብራት ምሰሶው ብቻ ደርሰው ተመለሱ። አጫጭር ጉዞ ይበቃል፣ ነገ ይጨመራል ብላ የነገረቻቸው ልጅቷ ነበረች።

ተኳረፉ ያለ ሰው የለም። የመጣው ወሬ ሌላ ነው። ሁለት ሽማግሌ ቀያሾች ሜትር ይዘው መንገድ ዳር ሲመላለሱ ያየ አንድ ጎረቤት፣ መንገዱ ሊሰፋ ነው ብሎ ደንግጦ፣ በነጠላ ጫማ ከግቢው እየሮጠ ወጣ።

«አጥሬ ይፈርሳል እንዴ?»

«አይዞህ» አሉት ጋሽ ዜሮ፣ «አጥርህን አልነካንም፤ ራሳችንን ነው የምንለካው።»

ወሬው በሰፈሩ ተዛመተና ነገሩ ከሳቅ አልፎ ትምህርት ሆነ። የሰፈራችን ልብስ ሰፊዎች፣ ባልና ሚስቱ፣ ከቤታቸው ወጡ፤ ግድግዳ ሥር ተቀምጣ የምትውለው አሮጊት ከልጇ ጋር ገመድ ይዛ መሄድ ጀመረች። ሁሉም በየፊናው፣ ተራርቆ፣ ግን ደግሞ ተያይቶ። ድሮ ሰው ለሰው ሲተላለፍ ሰላም ተባብሎ እንደሚያልፈው፣ አሁንም ከማዶ ለማዶ እጅ መነሣሣት ተጀመረ። ያን ሰላምታ ሳጣው ኖሬ ኖሮ ስሰማው ደስ አለኝ።

ወሩ ሲሞላ ጋሽ ሜትር እንደ ልማዳቸው በሬን አንኳኩ። አሁን ከዘራውን የያዙት ለማንኳኳት ብቻ ይመስል ነበር።

«ልጅቷ ያለችው ሁሉ እውነት ሆነ» አሉኝ። «ሌሊት ስገላበጥ ማደሬ ቀረ፤ አንድ ጊዜ ስጋደም ጠዋት ነው። እህሉም ጣመኝ። ጉልበቴ ሲነጋ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይጮኽብኝ ነበር፤ አሁን የሚያጉረመርመው ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው፤ ያችን ስድስት ደረጃ ሳልደገፍ እወጣታለሁ። ከሁሉ በላይ ግን መምህር፣ ቤት ውስጥ ሳለሁ ቀኑ አልመሽ ብሎኝ፣ ወሩ ግን ሳላየው ያልፍብኝ ነበር። አሁን አሥር ሰዓትን የምጠብቃት ነገር ሆነችልኝ። ሰው የሚጠብቀው ነገር ከሌለው እግሩም ለምን ብሎ ይነሣል?»

በዚህም አላበቁም።

«ሜትሩ ሠላሳ ነው ያለው። ዜሮ ላይ እሱ አለ፤ ሁለት ላይ እኔ። አራት ሜትር ላይ ቦታ አለ፤ ጫማዎን ያድርጉ።»

ጫማዬን አደረግኩ። እንዲህ ነው እኔም፣ ሌላውን ስመክር ቤቴ የቀረሁት ሰው፣ ከደረጃው የወረድኩት። በመጀመሪያው ቀን ጉብታው ላይ ሳልደርስ ትንፋሼ ተቆራረጠ፤ ከእኔ ሃያ ዓመት የሚበልጡት ሁለት ሰዎች ቆመው ጠበቁኝ። በሳምንቱ ግን ትከሻዬ ላይ ተጭኖኝ የነበረው ነገር ቀለለ፤ ንጭንጬም ቀነሰ፤ መጽሐፍ ይዤ እንቅልፍ መጠበቄ ቀረ። ከቤት ለመውጣት ትልቅ ነገር አያስፈልግም። የሚሄዱበት መንገድ፣ የሚርቁት ርቀት፣ ከሩቅም ቢሆን አለሁ የሚል ሰው ካለ ይበቃል። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ሳቃቸውን ከመስኮት ስሰማ የኖርኩ ሰው ምን እንደሚያስቃቸው ያወቅኩት በአራት ሜትር ርቀት ላይ ሆኜ ነው። አብዛኛው የምሳ ወሬ ነበር።

ወራቱ አለፉ። መቀራረብ ተፈቅዷል የተባለ ዕለት እንደ ልማዳችን አሥር ሰዓት ላይ በበሩ ተገናኘን። ጋሽ ዜሮ ቀለበቷን ይዘዋል፤ ጋሽ ሜትር ማህደሩን። ሁለቱም ምን እንደሚያደርጉ የጠፋባቸው ይመስል ተያይተው ቆሙ። በኋላ ጋሽ ሜትር የናሱን እጀታ ዘረጉና ማዞር ጀመሩ። ድሮ ሥራ ሲያልቅ እንደሚያደርጉት ነው፤ አንዱ ይጠቀልላል፣ ሌላው ሸራው ጭቃ እንዳይነካው ጫፉን ይዞ ወደ እሱ እየሄደ ይመጣል። ጋሽ ዜሮ በዝግታ መጡ። አንድ ሜትር ቀረ፤ ግማሽ ቀረ፤ ቀለበቷ ከማህደሩ አፍ ስትደርስ ቀጭ አለች።

«ዜሮ» አሉ ጋሽ ሜትር ቁጥሩን አንብበው።

«ዜሮ» ብለው ደገሙ ጋሽ ዜሮ።

ጋሽ ሜትር ማህደሩን ኪሳቸው ከተቱና ክንዳቸውን ሰጡ። ተቆላልፈው ወደ ውሃው ታንከር መንገድ ጀመሩ። እኔ የአራት ሜትር ቦታዬን እንደያዝኩ ከኋላ ከኋላቸው ተከተልኩ።